በስምህ የሚጮኸው አምፕሊፋየር

ለወንድሜ ለቶማስ፣ ደቡብ አፍሪካ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ክረምት በመጣ ቁጥር ይወጋህ የነበረው ጎንህ ተሻለህ ወይስ ስንት ድንበር ተሻግሮም ተከተለህ? ሱቅህ ደህና ነው? እናንተ ሎኬሽን የምትሉት ሰፈር ሰላም ውሎ ሰላም ያድራል? ሚስትህስ እንዴት ናት? ልጅ ወለደች ሲሉ ከሰው አፍ ሰምተናል። ወንድ ይሁን ሴት የነገረን ስለሌለ እማዬ ስትጸልይ «የቶማስን ልጅ» ብላ ነው የምታልፈው። ወንድም ይሁን ሴት እግዚአብሔር ያሳድግልህ። እኛ እሱ የተመሰገነ ይሁን ደህና ነን። ደህና ነን የምልህ የደብዳቤ ወግ ስለሆነ ነው፤ እንዴት ያለ ደህና እንደሆንን ወረድ ብለህ ታነበዋለህ።

ስልክ መደወሉን ትቼዋለሁ። መልእክቴን እንዳነበብከው ስልኬ ይነግረኛል፤ ለምን እንደማትመልስ የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም። የጎረቤታችን የእትዬ ታየች ልጅ ፊሊሞን ወደ እናንተ አገር ሊመጣ ስለሆነ ይህን ወረቀት በእጅህ ያደርስልኛል። አንብበህ እስክትጨርስ ከፊትህ እንዳይነሳ አደራ ብዬዋለሁ። ልጁን ሻይ ጋብዘው፤ እሱ ምንም አላጠፋም።

አባባ ዛሬም ሽመናቸው ላይ ናቸው። ዓይናቸው ቀጭኑን ጥበብ መለየት ስለከበደው ጥበቡን ትተው ጋቢ ብቻ ይሠራሉ። ከሁሉ የባሰው ድምፃቸው ነው። ካለፈው ዓመት ጉንፋን ወዲህ ሻክሮ ቀረ፤ አጠገባቸው ካልተቀመጥክ የሚሉት አይሰማህም። እማዬ ጉልበቷን እየጎተተች ገበያ ትወርዳለች፤ ተይ ብትላት አትሰማም፣ ታውቃታለህ። እኔ በዲፕሎማ የተመረቅኩበትን ኤሌክትሮኒክስ የሰው ስቶቭ ሽቦ እየቀጠልኩ እበላበታለሁ። ሥራ ሲጠፋ ደግሞ እንደ ልጅነታችን ለአባባ ቀሰም ላይ ክር አዳውራለሁ። እኛ ቤት ወንዱ ይሸምናል፣ ሴቷ ክር ታዳውራለች፤ ይህን ዲፕሎማም አልሻረውም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

የአገር ቤት ሰዎቻችን እድር ዳኛ ዛሬም አባባ ናቸው። በግንቦት ወር አንድ አባላችን አርፈው በሠልስቱ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል። አባባ ማይክ ይዘው ለለቅሶ የመጣውን ሰው ሲያመሰግኑ ሞንታርቦውን ያከራየን ሰውዬ መጥቶ ሠርግ ይዣለሁ አለና ሽቦውን ነቀለው። እውነቴን ነው፣ ሰው እያለቀሰ ነቀለው። የአባባ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ከኋላ የተቀመጡት እርስ በርሳቸው ማውራት ጀመሩ፤ አንዳንዱም ጨረሱ መስሎት ተነሥቶ ወጣ። አባባ የሞተውን ማይክ እንደያዙ ትንሽ ቆሙና ተቀመጡ። ቤት ገብተው እራታቸውን አልበሉም። እኔ ቆሽቴ አረረ። ለዚህ እድር የራሱ የሆነ አምፕሊፋየር ካልሠራሁለት ተምሬያለሁ አልልም ብዬ ማልኩ።

በልቤ ሌላም ሐሳብ ነበረኝ፣ አልደብቅህም። በጉለሌ ስንት እድር፣ ስንት ማኅበር አለ! አንዱ እድር ከሰማው ሌላው ይመጣል። እኔ መሥራቴ ከታወቀ የስቶቩን ሽቦ ትቼ፣ ትንሽ በር ከፍቼ፣ ስሜን በሩ ላይ ጽፌ መሥራት እችል ነበር። የተመኘሁት ይህችን ነው፤ ይህን የሠራችው ደሳለች ናት እንዲባል። ብዙ ተመኘሽ ካልከኝ እንግዲህ ምን እላለሁ።

አምፕሊፋየር ሲሠራ ድምፁን የሚያጎላው ክፍል ያን ያህል አያስቸግርም። ትራንዚስተሮቹን ከወፍራም አልሙኒየም ጋር በብሎን ታስራቸዋለህ፤ ሙቀታቸውን አልሙኒየሙ ይወስድላቸዋል። ጣጣው ያለው ፓወር ሰፕላዩ ላይ ነው፤ ከግድግዳ የሚመጣውን መብራት ልኩን አውርዶና አጥርቶ ማሽኑን የሚመግበው ክፍል ማለቴ ነው። እሱ ደካማ ከሆነ ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ማሽኑ ትንፋሽ ያጥረዋል። የፓወር ሰፕላዩ ዋና ነገር ደግሞ ትራንስፎርመሩ፣ ብረት ላይ መዳብ የተጠመጠመበት ዕቃ ነው። የምፈልገውን ዓይነት ገበያ ለገበያ ዞሬ አጣሁ። በመጨረሻ ከቆራሌው ላይ የተቃጠለ ትልቅ ስታብላይዘር ወሰድኩ። ብረቱን በታትኜ፣ የነደደውን መዳብ አውጥቼ ጣልኩና በአዲስ ሽቦ እንደገና ልጠመጥመው ተቀመጥኩ።

አባባ የገቡበት እዚህ ላይ ነው። ቤቴን ልታቃጥዪ ነው ሲሉኝ ነበር የሰነበቱት። አንድ እሁድ ሽቦው እየላላ እጄ ላይ ሲበታተን ቆመው አዩኝና ዞር በይ አሉኝ። የቀሰም ማዳወሪያቸውን አመጡ፤ ሽቦውን በሁለት ጣታቸው ጨብጠው ወጠሩት፣ እኔ አዞርኩ። ክር ሲላላ ጣታቸው እንደሚያውቀው የመዳቡንም መላላት ያውቀዋል። ዓይናቸው ባያይም መዳቡ ጎን ለጎን እንደ ማግ ተኛ። በየንብርብሩ መካከል የሚገባ መለያ ሲያስፈልገኝ ደግሞ የጀመሩትን ጋቢ አቆይተው ጣት የምታህል ስፋት ያላት የጥጥ ጥብጣብ ሸመኑልኝ። ቫርኒሽ ውስጥ እየነከርኩ ጠቀለልኳት። ቶማስ፣ ከአባባ ጋር እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎኝ ሠርቼ አላውቅም። ስለ አገር ቤት ያጫውቱኛል፣ እኔ ስለ መብራት አጫውታቸዋለሁ፤ እሳቸውም የሚገባቸውን ያህል ይገባቸዋል፣ ያልገባቸውንም ገባኝ ይሉኛል።

ያለ ጉድ አላለፈም። መብራት የሚያጠራቅመውን አንዱን ካፓሲተር ገልብጬ ሰክቼው እንደ ርችት ፈነዳ። እማዬ በስመ አብ ብላ ውጭ ወጣች፣ አባባ በሳቅ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ መብራት በለቀቅሁበት ቁጥር በመካከሉ አምፖል እያስገባሁ ነው የሞከርኩት፤ አምፖሉ ቦግ ካለ ስህተት አለ ማለት ነው፣ ከፈዘዘ ደህና ነው። ከዚያ ደግሞ እምም የሚል ድምፅ አልለቅም አለኝ፤ የምድር ሽቦዎቹን ሁሉ ፈትቼ አንድ ቦታ ላይ ሳገናኛቸው ጸጥ አለ። ስፒከር ተውሼ ሰካሁና ማይኩን ለአባባ ሰጠኋቸው። ምን እንደሚሉ ስላላወቁ እንደ ስብሰባ ልማዳቸው የእድሩን አባላት ስም መጥራት ጀመሩ። ያ የጠፋ ድምፃቸው ቤቱን ሞላው። ታየች በአጥሩ በኩል አቤት አለች። አባባ ማይኩን ዝቅ አድርገው እጅሽ ይባረክ አሉኝ። ከእሳቸው አፍ ይህ በቀላሉ እንደማይወጣ አንተም ታውቃለህ።

መስቀል ደረሰ። ሰዉ ሁሉ እንደ ወጉ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ፤ ሥጋው ተቆርጧል፣ ዘፈኑ ደርቷል። ሳጥኑን በጥቁር ቀለም ቀብቼ፣ ሁለት ሞንታርቦ ሰክቼበት፣ እኔም አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ አጠገቡ ቆሜያለሁ። አባባ ለምርቃት ተነሡ፣ ማይኩን ያዙ፣ ሰዉ ጸጥ አለ። እንዲህ አሉ፦ «ይህን ማሽን ለእድራችን የላከልን የበኩር ልጄ ቶማስ ነው።»

እልልታው ቀለጠ። ምን እንደሰማሁ ለመረዳት ራሱ ጊዜ ወሰደብኝ። ሴቶቹ እየመጡ እኔን ሳሙኝ፤ ወንድምሽ ይባረክ፣ አገሩን ያልረሳ ልጅ፣ እንዲህ ያለውን ይውለዱ አሉኝ። አሜን አልኩ። ምን ልበል? ስምህን እስከ እንጦጦ ግርጌ ያሰማው የኔ ማሽን ነው። ባልሠራው ኖሮ ያን ቀን ከአጠገባቸው የቆመ ካልሆነ በቀር አባባ ያሉትን ማንም አይሰማም ነበር።

ቤት ገብተን እንግዳው ሁሉ ሲሄድ ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ ነገሩን የሥርዓት ነገር አደረጉት። በእኛ በጋሞዎች ወግ ባይራው፣ በኩሩ ማለት ነው፣ እያለ ታናሽ አይቀድምም፤ አባት ለሕዝብ የሚሰጠው ነገርም ከቤት የሚወጣው በባይራው ስም ነው፤ ይህን አንቺም አታጪውም አሉኝ። ባይራው የታለ አልኳቸው። ከዚያ ሰው ስለ አንተ የሚያወራውን ነገሩኝ። ለካ ቶማስ ሞቷል እየተባለ ኖሯል። በእድሩ ስብሰባ ላይ እንኳ አንዱ ተነሥቶ መርዶ መጥቶ ከሆነ ቤተሰቡ አይደብቅ፣ እንቅበረው፣ እናልቅስለት ብሏቸዋል። ለእኔም ለእማዬም ሳይነግሩ ብቻቸውን ይዘውት ከርመዋል። በመጨረሻ «አንቺን ሰው በየቀኑ ያይሻል። እሱን ግን በምን ያየዋል?» አሉኝ።

ለዚህ መልስ ካለህ ላክልኝ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ሲሉ እሰማ ነበር፤ ልጥ የተነከረብኝ እኔ ነኝ። ላም አለኝ በሰማይ የሚባልልህ ደግሞ አንተ ነህ። አባባ ይወዱኛል፣ እሱን አላጣሁትም። ግን የሞተ ስምህን የሚያስነሡበት ነገር ሲያጡ ያነሡት የኔን ሥራ ነው። እኔን ለመጠየቅ እንኳ አላሰቡም። ቢጠይቁኝ እሺ እል ነበር ይሆናል፤ ይኸው የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ስማ። ከላይኛው ሰፈር የሌላ እድር ሽማግሎች ወርደው መጡና የቶማስ ዓይነት ማሽን እንፈልጋለን አሉ። ልቤ ዘለለ። እኔ ስቀርባቸው ወንድምሽ እዚያ አገር በስንት እንደሚያገኘው ጠይቂልን አሉኝ። ከት ብዬ ልስቅ ነበር፤ አልሳቅሁም፣ ወንበር አቀረብኩላቸው።

በጥቅምት ደግሞ ማሽኑ አንድ ለቅሶ ላይ ጸጥ አለ። ከሁለት ሞንታርቦ በላይ እንዳትሰኩበት ብዬ የነገርኳቸው ወጣቶች አራት ሰክተውበት ነው። እኔ ልክፈተው ስል የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ ስብሐት የውጭ ዕቃ ነው፣ ልጅቷ እንዳትነካካው፣ ለባለሙያ ይሰጥ አሉ። የኔን ማሽን ከእጄ ነጥቀው ለሌላ ጠጋኝ ወሰዱት። ጠጋኙ የተቃጠሉትን ትራንዚስተሮች ለወጠላቸው። ግን ሳጥኑን ሲከፍት አይቶ ይህ የፋብሪካ ዕቃ አይደለም፣ በእጅ የተሠራ ነው፣ ትራንስፎርመሩም በሸማኔ ጥጥ ነው የተጠቀለለው ብሎ ነገራቸው።

ሽማግሎቹ እንዳለ ተሰብስበው ቤታችን መጡ። ጋሽ ስብሐት በሁሉም ፊት አባባን ጠየቋቸው፤ ልጅዎ ይህን ከየት ነው የላከው፣ የማሽኑ ሆድ ውስጥ ያለው የሽሮ ሜዳ ጥጥ ነው እኮ አሏቸው። አንዱም ሳቀ። አባባ ጣቶቻቸውን ማየት ያዙ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ ኤሌክትሮኒክስ የተማርኩት እኔ መሆኔ ያን ሰዓት ትዝ አላቸው።

ቶማስ፣ አንዲት ቃል ብተነፍስ ስሜ ይመለስልኝ ነበር። አፌ ላይ ደርሳም ነበር። ግን እድር የሚቆመው በዳኛው ቃል ነው፤ ዳኛው በመስቀል ቀን ማይክ ይዞ ዋሸ ከተባለ አባባ በዚህ ዕድሜያቸው ከሰው መካከል መቀመጥ ይቀርባቸዋል። በዚያ ላይ አንተም መልሰህ ትሞታለህ። አየኋቸው፤ ቀና አላሉም። እኔም «በመንገድ ትራንስፎርመሩ ተጎድቶ ነበር የመጣው። የጠመጠምኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ጋሽ ስብሐት ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ለካ ለዚህ ነው የተበላሸው አሉ። ሽማግሎቹ ሁሉ ልክ ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሴት ልጅ ከማታውቀው ነገር ብትርቅ ይሻላል ብሎ የመከረኝም አለ። ሲሠራ ያንተ ነበር፣ ሲበላሽ የኔ ሆነ። አባባ ይህንንም ሰምተው ዝም አሉ። ያን ቀን በጣም ቅር ብሎኛል፤ እስካሁንም አልወጣልኝም።

ታዲያ ይህን ደብዳቤ ጻፊ ያለኝ ማን ይመስልሃል? እድሩ ነው። ከላይኛው ሰፈር እድር ጋር ተስማምተው አንድ ተጨማሪ ማሽን እንዲልክልን ለወንድምሽ ጻፊለት ብለው አዘውኛል። ይኸው ጻፍኩልህ፣ ትእዛዜን ፈጸምኩ። እንግዲህ የሚልከው ሰው ይላክ። ትራንስፎርመሩን በምን እንደምትጠመጥመው ካወቅህ ለእኔም ጻፍልኝ፣ እማርበታለሁ። በበኩሌ በአንተ ስም ሁለተኛ ማሽን አልሠራም፤ እጄ ቢቆረጥ ይሻለኛል።

የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፤ ገንዘብም ዕቃም አይደለም። አባባ በሰው ፊት የተናገሩትን ቃል መልሰው መዋጥ አይችሉም። እኔም ላስውጣቸው አልችልም። በባይራው ስም የወጣውን ነገር መመለስ የሚችለው ባይራው ራሱ ነው፤ አንተ ብቻ ነህ። እድሩ የሚሰበሰበው ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መሆኑን ታውቃለህ። ያን ሰዓት ደውል። ስልኩን ማይኩ ላይ አደርገዋለሁ፣ ሁሉም ይሰሙሃል። መጀመሪያ አለሁ በላቸው፤ አባባ የሚፈልጉት ይህን ነው። ቀጥለህ ማሽኑን የሠራችው እህቴ ናት በላቸው። አባባ ውሸታም እንዳይባሉ ያሠራኋት እኔ ነኝ፣ ሐሳቡ የኔ ነው ብትልም አልጣላህም። ሐሳቡን ውሰደው። የእጄን ሥራ ብቻ ተውልኝ።

ካልደወልክ ግን እወቀው፤ አባባ ስለ አንተ የፈለጉትን ቢናገሩ እኔ አጠገባቸው ቆሜ አሜን አልልም። በሕይወት ያለ ሰው ስልክ ማንሣት አያቅተውም። ፊደሌ ካስቸገረህ ፊሊሞን ያንብብልህ።

እማዬ ብዙ ብዙ ሰላም ብላሃለች። የልጅህን ስም ጽፈህ ላክላት፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም በስም መጥራት ትፈልጋለች። ትንሿ እህታችን ሶሊያና እጅ ነሥታለች፤ አሁን ከእኔ ትረዝማለች፣ አንተን የምታውቅህ በፎቶ ነው። ታየች ልጄን አደራ ብላሃለች፤ አንተ ለእናትህ ያልሆንከውን እሱ ለእናቱ እንዳይሆን ምከረው ብትል ደስ ባላት፣ ግን ጨዋ ስለሆነች አላለችም፣ እኔ አልኩልህ። ለሚስትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ስሟን ባላውቀውም እህቴ ናት። ልጅህን ሳምልኝ።

አባባን ምን ብዬ ልጻፍልዎት ብዬ ጠየቅኳቸው። እማዬ ገበያ ወርዳለች፣ ሶሊያና ትምህርት ቤት ናት፣ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እሳቸው ብቻ ነን፤ የሚሰማ ሌላ ሰው የለም። መወርወሪያቸውን አቁመው አሰቡ። ከዚያ «የላክህልን ማሽን ደህና እየሠራ ነው፣ ተባረክ በይው» አሉኝ። እንዳሉት ጽፌልሃለሁ።

እህትህ ደሳለች
ሽሮ ሜዳ፣ ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.